ድሬ ሄዳችሁ በርገር እንዳታዙ

ከቶሮንቶ ድሬዳዋ የመጣሁት ከ14 ዓመት በኋላ ነው። ልጄን ይዤ ነበር፤ አሥር ዓመቱ ነው፣ ድሬን ሲያይ የመጀመሪያው ነው። የዘመድ ጥየቃውን ወሬ ልተወውና ስለበላንበት አንድ ምግብ ቤት ልንገራችሁ። ስሙን አልጽፍም፣ ሂሳቡ ላይ ቅር ያለኝ ነገር አለ፤ ምግቡን ስለወደድኩት ደግሞ ሰዎቹን በአደባባይ ማሳጣት አልፈልግም።

ቤቱን ማግኘት ራሱ ሥራ ነው። ከዚራ የሚባለው ሰፈር ውስጥ ነው፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ በእግር ይደረሳል፣ ግን ሰሌዳ የሚባል ነገር የለውም። የባጃጁ ልጅ ሁለቴ አዙሮን ሲያበቃ "አቦ፣ እዚህ ምግብ ቤት የለም፣ የሰው ቤት ነው ያለው" አለን። ልክ ነው፣ የሰው ቤት ነው የሚመስለው። በረንዳ ያለው፣ ጣሪያው ከፍ ያለ የጥንት ቤት። በጎኑ ታልፉና ጓሮ ስትደርሱ ዛፍ ሥር ሰባት ጠረጴዛ ተደርድሮ ታገኛላችሁ፤ በእያንዳንዱ አጠገብ ቬንትሌተር ቆሟል።

ሜኑው ላይ ትልቅ አድርገው "ፊውዥን" ብለው ጽፈዋል። አክስቴ መነጽሯን አድርጋ አነበበችና "ምንድነው እሱ?" አለችኝ። የኛንና የፈረንጅን ምግብ መቀላቀል ነው አልኳት። "እና ይሄ አዲስ ነው? ከካናዳ ድረስ መጥተሽ ፓስታ ልትበዪ ነው?"

እውነቷን ነው። ድሬ ራሷ ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ ሐረር ተራራ ላይ መውጣቱ ስለከበደ እግሩ ሥር የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ ባቡሩ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። ፈረንሳዩ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ዓረቡ፣ ሕንዱ፣ ጣሊያኑ የየራሱን ድስት ይዞ መጣ። እናቴ ፓስታን በበርበሬ ወጥ ሠርታ አጠገቡ እንጀራ ስታደርግልን ማንም ፊውዥን ያለን አልነበረም፣ ምሳ ነው የምንለው።

መጀመሪያ የመጣው የፍየል ፓስታ ነው። ሥጋው ረጅም ሰዓት ተቀቅሎ ከአጥንቱ የለቀቀ፣ ስጎው ቀይ ሆኖ ትንሽ ሄልና ቀረፋ የሚሸት፣ አጠገቡ ግማሽ ሎሚና የተላጠ ሙዝ። ልጄ ሙዙን አይቶ ተሳስተው ነው ብሎ ለአስተናጋጇ ሊመልስላት ሲል አክስቴ እጁን ያዘችው። ሱማሌዎች ሩዙንም ፓስታውንም በሙዝ ነው የሚበሉት፣ ድሬ ላይ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ጉርሻ በሙዝ አጎረሰችው። ከዚያ በኋላ ሌላ ሙዝ ጠየቀ።

ላዛኛውም ደህና ነው። በተፈጨ ሥጋ ስጎ ፋንታ ምንቸት፣ በነጩ ስጎ ፋንታ አይብ ገብቶበታል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ግን አይቡ ውኃ ስለያዘ ታችኛው ንብርብር ላልቷል፤ ቢያጠሉት ኖሮ ሌላ ነገር ይሆን ነበር።

በርገሩን ተዉት። የግመል ሥጋ በርገር ነው የሚሉት፣ እኔም በስሙ ተታልዬ ነው ያዘዝኩት። የግመል ሥጋ ስቡ ትንሽ ነው፣ ተፈጭቶ እሳት ላይ ሲቆይ ይደርቃል፣ እነሱ ደግሞ አቆዩት፤ ያዳነው አጠገቡ የመጣው በሎሚ የተፈጨ ቃሪያ ብቻ ነው። ዳቦው ከፋብሪካ የመጣ ጣፋጭ ዳቦ ነው። ይሄን ቶሮንቶም እበላዋለሁ፣ እዚያ ቢያንስ ድንቹ ትኩስ ነው።

ግማሽ ላይ መብራት ጠፋ። ቬንትሌተሩ ቆመ፣ ሙቀቱ እንዳለ ወረደብን። አስተናጋጇ ምንም ሳይመስላት ሻማ አምጥታ "አይዟችሁ፣ ጄኔሬተር አለ" አለችን። ጄኔሬተሩ አለ፣ ነዳጁ ነው የሌለው። አንድ ልጅ ጀሪካን ይዞ ሲሮጥ አየነው። ሃያ ደቂቃ ገደማ ወሰደ። እውነቱን ለመናገር ልጁ ነዳጁን ይዞ እስኪመለስ ያወራነው ወሬ የማታው ምርጥ ክፍል ነበር፣ ግን ትንሽ ልጅ ወይ ትልቅ ሰው ይዛችሁ ከሆነ አስቡበት።

አሁን ወደ ፈቲራው። ለዚህ ብላችሁ ሂዱ። ፈቲራን ታውቁታላችሁ፣ በስሱ ተዘርግቶ በዘይት መጥበሻ ላይ ከእንቁላል ጋር የሚታጠፈው፣ ጠዋት በማር የምንበላው ነው። እዚህ ሁለት ዓይነት ይሠሩታል። አንዱን እንደ ፒዛ በቲማቲም፣ በቃሪያና በቺዝ አጥፈው ያመጡታል። ሌላውን እንደ ፈረንሳዮቹ ክሬፕ ቅቤ ላይ አሙቀው ማንጎና ማር ያደርጉበታል። ከውጭ ጥርስ ላይ ይሰበራል፣ ከውስጥ እየተላጠ ይወጣል። ወጥ ቤት ሄጄ ማን እንደሠራው ጠየቅኩ፤ ጅቡቲ ሄዶ ሆቴል ውስጥ ስድስት ዓመት የሠራ የመጋላ ሰፈር ልጅ ነው። ፈቲራውን ከማን ተማርክ ስለው ሳቀብኝ። "ይሄን ደግሞ ይማሩታል እንዴ?" አለኝ።

በላዩ ቁጢ ጠጣን፣ የቡና ቅጠሉን፣ በወተት። ቲራሚሱ የሚባለውን በሐረር ቡና ነው የሠራነው ይላሉ፤ ቡናው ይሸታል፣ ኬኩ የትናንት ነው።

እንግዲህ ሂሳቡ። ሜኑው ላይ ያለውን በልቤ ስደምር 3,100 ብር ነበር። የመጣው 3,921 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። 10 በመቶ ሰርቪስ፣ እሱ ላይ ደግሞ 15 በመቶ ቫት። ሕገወጥ ነው አላልኩም፣ ግን ዋጋው ቫትና ሰርቪስ እንደማይጨምር የተጻፈው በመጨረሻው ገጽ ታች፣ በጉንዳን ፊደል ነው። ከዚያ ካርዴን ስሰጥ ማሽኑ ኔትወርክ የለውም ተባለ። ቴሌብር የለኝም፣ ጥሬ ብሩ አልሞላ አለ። የጋበዝኳት አክስቴ ከስልኳ ከፈለችልኝ፣ እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች። ስለዚህ ጥሬ ብር ያዙ፣ ወይም ቴሌብር ያለው ሰው ጋብዙ።

በመጨረሻው ቀን ለፈቲራው ብቻ ብለን ተመለስን። ስምንት ሰዓት ላይ ነበር፣ ከተማው በሙሉ ተኝቷል፣ በሩ ተዘግቷል። የውጭ ኑሮ የድሬን ሰዓት አስረስቶኛል። ዘበኛው ሽርጡን አገልድሞ ጥላው ውስጥ ጋደም ብሎ ነበር፣ ቀና እንኳን ሳይል "አቦ እህቴ፣ ሙቀቱ ይብረድ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ኑ" አለን።

አውሮፕላናችን አሥር ሰዓት ላይ ነበር።