ዎርድፕረስ፣ ድሩፓል ወይስ ዊክስ? ሥርዓቱንና ቴሙን ለየብቻ መመዘን

ድረ ገጽ ለመክፈት የተነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ቴሙ፣ ማለትም የገጹን መልክ የሚወስነው ዝግጁ ንድፍ ላይ ነው። ማሳያው በሰፋፊ ፎቶዎችና በአጫጭር ርዕሶች ያማረ ስለሆነ ልቡ እዚያው ይቀራል፤ የይዘት ማስተዳደሪያ ሥርዓቱን፣ ማለትም ጽሑፍና ምስል የሚገቡበትንና የሚታተሙበትን እንደ ዎርድፕረስ ያለ መሣሪያ፣ ቴሙን ተከትሎ ይወስዳል። ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት። ቴም በየጥቂት ዓመቱ ይቀየራል፤ ሥርዓቱ ግን ጽሑፉን፣ ምስሉንና የተጠቃሚዎችን መዝገብ ይዞ የሚቆይ ነው። ስለዚህ አማራጮቹን ሳወዳድር ከሁሉ በፊት የምጠይቀው፣ ነገ ልውጣ ብል ምን ይዤ እወጣለሁ የሚለውን ነው።

በዚህ ጥያቄ ዊክስና ዎርድፕረስ ተቃራኒ ዳር ላይ ይቆማሉ። ዊክስ ሆስቲንጉን (ድረ ገጹ የሚቀመጥበትን የኢንተርኔት ቦታ)፣ ደኅንነቱንና ማሻሻያውን ራሱ ይይዛል፤ ኮድ ነክቶ የማያውቅ ሰው በአጭር ጊዜ ደህና ገጽ ያወጣበታል። ሆኖም በዊክስ የተሠራ ድረ ገጽ የሚኖረው በዊክስ ሰርቨር ላይ ብቻ ነው፤ እንዳለ ነቅሎ ሌላ ቦታ መትከል አይቻልም። በመደበኛው የዊክስ ማረሚያ የተሠራ ድረ ገጽ ደግሞ አንዴ የተመረጠለትን ቴምፕሌት በሌላ መለወጥ አይችልም፤ አዲስ መልክ የፈለገ ሥራውን እንደገና ይጀምራል። እንደ ዊክስ ያለው ሌላው አገልግሎት ስኩዌርስፔስ ትንሽ ይሻላል፤ የብሎግ ጽሑፎችንና የተወሰኑ ገጾችን ዎርድፕረስ ሊያነበው በሚችል ፋይል ያወጣል፣ ንድፉ ግን እዚያው ይቀራል። አምስት ስድስት ገጽ ብቻ ላለውና ለማደግ ለማያስብ ድረ ገጽ ሁለቱም ይበቃሉ። ይዘቱ በየሳምንቱ ለሚከማች ግን አልመክርም።

ዎርድፕረስ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ክፍት ምንጭ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) ሶፍትዌር ነው። ፋይሎቹንና ዳታቤዙን ገልብጦ ወደ ሌላ ሆስቲንግ መሄድ የተለመደ ሥራ ነው፤ የሚያውቀው ባለሙያም በቀላሉ ይገኛል። በምላሹ ግን ኃላፊነቱን ባለቤቱ ይሸከማል። ማሻሻያ መጫን፣ መጠባበቂያ ቅጂ መያዝና የተተወ ፕለጊን (በላዩ የሚጫን ተጨማሪ ፕሮግራም) ማስወገድ የእሱ ሥራ ነው። የሚገኙት የደኅንነት ክፍተቶች አብዛኞቹ ከፕለጊኖች እንጂ ከዋናው ሶፍትዌር አይመጡም፤ ስለዚህ ፕለጊን ባነሰ ቁጥር እንቅልፍ ይገኛል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ይለይ፦ ዎርድፕረስ ዶት ኮም ሶፍትዌሩን ከነሆስቲንጉ የሚያከራይ አገልግሎት ሲሆን፣ በነጻው ዕቅዱ የራስን ፕለጊን መጫን አይቻልም። በራስ ሆስቲንግ ላይ የሚጫነው ሶፍትዌር የሚገኘው ከዎርድፕረስ ዶት ኦርግ ነው።

ድሩፓል ለሌላ ዓይነት ገዢ የተሠራ ነው። ብዙ ዓይነት ይዘት፣ ብዙ አዘጋጅና ጥብቅ የፈቃድ ደረጃ ያለው ተቋም ዎርድፕረስን በፕለጊን ላይ ፕለጊን እየደረበ ከሚያስጨንቅ ድሩፓልን ቢይዝ ይሻለዋል። የይዘት ዓይነቶችንና ዝርዝሮችን ያለ ኮድ ማዋቀር፣ በብዙ ቋንቋ ማተምም በዋናው ሶፍትዌር ውስጥ አሉ። ነገር ግን ባለሙያ መቅጠር ለማይችል ከባድ ነው። ከ7ኛው ወደ 8ኛው እትም የተሻገሩ ሰዎች ይህን ያውቃሉ፤ የቴም አሠራሩ ጭምር ስለተለወጠ ሽግግሩ ድረ ገጹን እንደገና ከመሥራት ብዙም አይለይም ነበር። የድሩፓል 7 ድጋፍ የተቋረጠው እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ነው። ከ8ኛው ወዲህ ያለው መሻገር በጣም ቀሏል።

ሌላው ሥርዓት ጁምላ በዎርድፕረስና በድሩፓል መካከል ነው፤ ብዙ ቋንቋንና ዝርዝር የፈቃድ ደረጃን ያለ ተጨማሪ ይሰጣል፣ የቴምና የተጨማሪ ምርጫው ግን ከዎርድፕረስ ያነሰ ነው። ለአንባቢዎቹ በኢሜይል እየላከ ከአባልነት ክፍያ መኖር ለሚፈልግ ጸሐፊ ደግሞ ጎስት የተባለውን ሥርዓት አስቀድማለሁ።

አሁን ወደ ቴሙ። ቴም ልብስ ነው፤ ሲወልቅ ገላው እንዳለ መገኘት አለበት። ብዙ የሚሸጡ ቴሞች ግን ይህን አያከብሩም። የሥራ ማሳያ፣ የሠራተኞች ዝርዝር ወይም የደንበኞች አስተያየት የሚባለውን ክፍል ራሱ ቴሙ ይፈጥረዋል፤ ቴሙ በተቀየረ ማግስት ያ ክፍል ከማስተዳደሪያው ሰሌዳ ይጠፋል። መረጃው ዳታቤዙ ውስጥ ቢኖርም ባለቤቱ ሊያየው አይችልም። በዎርድፕረስ ዶት ኦርግ ማውጫ የሚገቡ ቴሞች የራሳቸውን የይዘት ዓይነት እንዳይፈጥሩ በማውጫው ደንብ ተከልክለዋል። በዚህ ምክንያት ብቻ ከማውጫው የተገኘ ነጻ ቴም ሁሉን ጠቅልሎ እይዛለሁ ከሚል ውድ ቴም የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው።

እንደ ዲቪና ኤለመንተር ያሉት፣ በዎርድፕረስ ላይ ገጽ በመጎተት የሚቀናበርባቸው የገጽ መሥሪያዎችም እንዲሁ ይለያያሉ። ዲቪ እስከ 4ኛ እትሙ ድረስ ይዘቱን በካሬ ቅንፍ በታጠሩ ኮዶች ያስቀምጥ ነበር፤ ሲነሣ አንባቢው ጽሑፉን በእነዚህ ኮዶች ተወርሮ ያገኘዋል። ኤለመንተር ሲነሣ አቀማመጡ ይፈርሳል እንጂ ጽሑፉ በአብዛኛው ይነበባል። እ.ኤ.አ. በ2018 ከዎርድፕረስ 5.0 ጋር የመጣው የብሎክ ማረሚያ (ገጹን አንቀጽ፣ ምስልና ርዕስ እያለ በየክፍሉ የሚያጽፈው) ግን የዋናው ሶፍትዌር አካል ነው፤ በእሱ የተጻፈ ገጽ ቴም ቢቀየርም ከነአንቀጹና ከነምስሉ ይቆያል። ዛሬ አዲስ ለሚጀምር ሰው የብሎክ ቴም (መላ ድረ ገጹ በእነዚሁ ብሎኮች የሚቀናበርበትን) እንዲይዝ የምወተውተው ለዚህ ነው።

ከመክፈል በፊት ማሳያውን በስልክ ይክፈቱት፤ አድራሻውንም በጉግል የፍጥነት መለኪያ ላይ ያስገቡት። የገጹ ትልቁ ክፍል በ2.5 ሰከንድ ውስጥ ካልታየ፣ እርስዎ ፎቶና ማስታወቂያ ሲጨምሩበት የባሰ ይሆናል። ከዚያ ቴሙን ለሙከራ ጭነው ረጅሙን ርዕስዎን ያስገቡ። ማሳያዎቹ የሚሠሩት በሁለት ሦስት የእንግሊዝኛ ቃላት ስለሆነ፣ ከላቲን ውጭ በሆነ ፊደል የሚጽፍ ሰው የተቆረጠ ርዕስ፣ የተጣበቀ መስመርና ፊደሉን የማያውቅ የጽሕፈት ቅርጽ (ፎንት) ሊያጋጥመው ይችላል። ቅርጹን መቀየር የሚያስችል ቅንብር ከሌለው ሌላ ቴም ይፈልጉ።

የመጨረሻው የማሻሻያ ቀንም ይታይ፤ ዓመት ሙሉ ያልተነካ ቴም እኔ አልገዛም። ፈቃዱ ድጋፍን ለስንት ጊዜ እንደሚሰጥና ሲያበቃ ማሻሻያው ይቆም እንደሆነም ይጠይቁ። የሚከፈልበትን ቴም በነጻ እንሰጣለን ከሚሉ ቦታዎች ግን ፈጽሞ አይውሰዱ፤ እነዚህ ቅጂዎች የተደበቀ ተንኮል አዘል ኮድ ይዘው የሚመጡበት ጊዜ ብዙ ነው፣ ማሻሻያም አያገኙም።