ፕሪሲዥን ወይስ ጃዝ? ቤዝ ጊታር ለመግዛት ላሰባችሁ

ቤዝ ሊገዛ ያሰበ ሰው ሲያማክረኝ መጀመሪያ የሚያነሳው ብራንድ ነው። ፌንደር ይሻላል ያማሃ? አይባኔዝስ እንዴት ነው? እኔ ግን ከብራንዱ በፊት የምጠይቀው ነገር አለ። የት ነው የምትጫወቱት? ቤተ ክርስቲያን ከኳየር ጋር? ሠርግ ላይ? ወይስ ቤት ቁጭ ብላችሁ ከሙላቱ አስታጥቄ ኢትዮ ጃዝ ጋር አብራችሁ? የዚህ መልስ ግማሹን ምርጫ ይጨርሰዋል።

ይህን የምጽፈው እንደኔ ሌላ መተዳደሪያ ኖሯቸው ቅዳሜና እሁድ ቤዝ ለሚያነሱ ሰዎች ነው። ለእኛ ገንዘቡ በየጊዜው የሚገኝ አይደለም፤ አንዴ የገዛነውን ለዓመታት ነው የምንይዘው። ደግሞም እኛ ጋ የቤዙን መስመር ለረጅም ጊዜ ኪቦርድ ሲሸፍነው ኖሯል። ዛሬም ብዙ ሠርግ ላይ ቤዙን የሚጫወተው የኪቦርዲስቱ ግራ እጅ ነው። ስለዚህ እውነተኛ ቤዝ ይዞ መድረክ ላይ የሚቆም አንድ ሰው በተጨመረ ቁጥር ከልቤ ደስ ይለኛል። ያ ሰው ደግሞ የማይሆነውን ገዝቶ በሦስት ወሩ ግድግዳ ላይ እንዲሰቅለው አልፈልግም።

ሁለቱ ንድፎች

ገበያ ላይ የምታዩት አብዛኛው ቤዝ፣ የማንም ስም ይጻፍበት፣ መነሻው ከሁለት የፌንደር ሥራዎች አንዱ ነው። ፕሪሲዥን ቤዝ እ.ኤ.አ. በ1951 ወጣ። ዛሬ የምናውቀው ለሁለት የተከፈለ ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ማግኔት) የተገጠመለት ግን በ1957 ነው። ጃዝ ቤዝ በ1960 ተከተለ። በዓይን መለየት ቀላል ነው። ፕሪሲዥን መሃሉ ላይ አንድ ፒክአፕ፣ አንድ የቮልዩምና አንድ የቶን (ድምፁን የሚያበራ ወይም የሚያጨልም) ማዞሪያ አለው። ጃዝ ሁለት ቀጫጭን ፒክአፖች፣ ሁለት ቮልዩምና አንድ ቶን አለው።

የፕሪሲዥን ድምፅ ወፍራም ነው። ድራሙ፣ ኪቦርዱና ሳክስፎኑ አንድ ላይ ሲጮሁ እንኳ ከሥራቸው ይሰማል። ሳውንድ ማኑ ብዙ ሳይነካካው ቦታውን ያገኛል። ጃዝ ቤዝ ጠራ ያለ ነው። ብሪጁ (ክሮቹ አካሉ ላይ የሚያርፉበት ብረት) አጠገብ ያለውን ፒክአፕ ከፍ ስታደርጉት ድምፁ ይሰላል፤ እያንዳንዱ ኖታ ተለይቶ ይወጣል። ሁለቱን ፒክአፖች እኩል ስትከፍቱ ደግሞ መሃሉ ትንሽ ይጎድላል። ብቻችሁን ስትለማመዱ ይህ ድምፅ በጣም ያምራል። ባንድ ውስጥ ስትገቡ ግን አንዳንዴ ይጠፋባችኋል። ሱቅ ውስጥ ሞክሮ ጃዝን የሚመርጥ ሰው የሚበዛው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ሱቅ ውስጥ ድራመር የለም።

ጆሯችሁን ማሠልጠን ከፈለጋችሁ የሞታውን (የአሜሪካ የሶል ሙዚቃ አሳታሚ) ቤዚስት የነበረውን ጄምስ ጀመርሰንን አዳምጡ። የ1962 ፕሪሲዥን ነበረው። ቀኝ እጁ የሚመታው በአመልካች ጣቱ ብቻ ነበር። ከዚያ ወደ ጃኮ ፓስቶሪየስ ሂዱ፤ እሱ የሚታወቀው ፍሬቱ (አንገቱ ላይ የሚደረደረው ቀጭን ብረት) በተነቀለ የ1962 ጃዝ ቤዝ ነው። ስላፕ (ክሩን በአውራ ጣት እየመቱ መጫወት) ለምትወዱ ደግሞ ማርከስ ሚለር አለ፤ በ1977 ጃዝ ቤዝ። ይህ ማለት ግን ከባድ ድምፅ ከጃዝ አይወጣም ማለት አይደለም። የቦብ ማርሊ ቤዚስት አስተን ባሬት ያን ሁሉ መሬት የሚያንቀጠቅጥ ሬጌ የተጫወተው በጃዝ ቤዝ ነው። ጣትና ክር የሚሠሩት ሥራ ትንሽ አይደለም። ወደ ክሩ በኋላ እመለሳለሁ።

ወደ ራሳችን ሙዚቃ እንምጣ። በ6/8 ምት ችክችካ ስትጫወቱ ቤዙ ከድራሙ ኪክ (በእግር ከሚመታው ትልቁ ከበሮ) ጋር አብሮ መውደቅ አለበት። ኖታው አጠር ብሎ መቆም አለበት። እየተጎተተ ቀጣዩ ላይ ከተደረበ ጭፈራው ይከብዳል፤ እስክስታ የያዘው ሰው ትከሻ ላይ ወዲያው ታዩታላችሁ። ፕሪሲዥን ላይ ይህን አጭርና ድፍን ምት ማግኘት ቀላል ነው። ትዝታን በዝግታ ስትጫወቱ ግን ነገሩ ይቀየራል። ከኖታ ወደ ኖታ እየተንሸራተታችሁ ዘፋኙን መከተል ትፈልጋላችሁ። አንቺሆዬ ላይ ደግሞ በግማሽ ቶን የተጠጋጉ ኖታዎች አሉ። እነሱ ተለይተው እንዲሰሙ ጠራ ያለ ድምፅ ይጠቅማል። እዚህ ጋ ጃዝ ቤዝ ይበልጣል። ኢትዮ ጃዝ ዋና ሥራዬ ነው ለሚል ሰው ያለ ማመንታት ጃዝ እላለሁ።

በእኛ አቆጣጠር በ1970ዎቹ ሮሃ ባንድ ያጀባቸውን ካሴቶች ያደመጠ ሰው የጆቫኒ ሪኮን ቤዝ ያውቃል። ዘፋኙን ሳይሸፍን እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ልብ ብላችሁ ስሙት። ቤዝ ከመግዛታችሁ በፊት ከእነዚያ ሥራዎች አንዱን ይዛችሁ፣ ቤዙን ብቻ እየተከተላችሁ እስከ መጨረሻው አዳምጡ። የምትፈልጉት ድምፅ የትኛው እንደሆነ ከማንኛውም የሱቅ ሻጭ በላይ ይነግራችኋል።

እጅና አንገት

የጃዝ ቤዝ አንገት ጫፉ ላይ ወደ 38 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። የተለመደው የፕሪሲዥን አንገት ከ41 ሚሊ ሜትር ትንሽ ያልፋል። ሦስት ሚሊ ሜትር ምን ያህል ነው ትሉ ይሆናል። ግራ እጃችሁን የመጀመሪያው ፍሬት ላይ አድርጋችሁ፣ በወፍራሙ ክር በአራት ጣት አራት ፍሬት ያዙና ታውቁታላችሁ። እጃቸው ትንሽ ለሆነ ሰዎች ጃዝ በግልጽ ይቀላል። የሁለቱም የክር ርዝመት አንድ ነው፤ 86 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ይህም ከበዛባችሁ 76 ሳንቲ ሜትር የሆኑ አጫጭር ቤዞች አሉ። ለታዳጊ የምትገዙ ከሆነ እነሱን እዩ።

አንድ ሌላ ልዩነት አለ፤ አዳራሽ ውስጥ ካልሆነ አይታወቅም። የፕሪሲዥኑ ሁለት ቁራጭ ፒክአፕ የተጠመጠመው አንዱ የሌላውን እዝዝታ እንዲያጠፋ ተደርጎ ነው። ጃዝ ላይ ይህ የሚሠራው ሁለቱ ቮልዩሞች እኩል ሲከፈቱ ብቻ ነው። አንዱን ዝቅ ስታደርጉ እዝዝዝ የሚለው ድምፅ ይመጣል። ግራውንዱ በደንብ ባልተሠራ፣ የሚደበዝዙ መብራቶች በሞሉበት አዳራሽ ውስጥ ይህ ቀልድ አይደለም። ዘፈን ባለቀ ቁጥር በዝምታው መሃል የሚሰማው የእናንተ ቤዝ ይሆናል።

እንግዲህ የእኔ ምርጫ ግልጽ ነው። ሠርግ፣ ኳየር፣ የሆቴል ፕሮግራም ከሆነ ፕሪሲዥን። ከተቻለ ደግሞ መሃሉ ላይ የፕሪሲዥን፣ ብሪጁ አጠገብ የጃዝ ፒክአፕ ያለበት ቅልቅል። ያማሃ ቲአርቢኤክስ 174 እና ቢቢ 234 እንደዚህ ናቸው፤ ሁለቱም ባትሪ አይፈልጉም። አይባኔዝ ጂኤስአር 200ም እንዲሁ ቅልቅል ነው፤ ግን ባለ 9 ቮልት ባትሪ አለው። ባትሪ ያለው ቤዝ ከገዛችሁ ጃኩን ተሰክቶ አትተዉት። ጃኩ እንደተሰካ ባትሪው ይሠራል፤ አንድ ቀን ልምምድ ላይ ድምፃችሁ ይንኮታኮታል። ከዚህ ውጭ አክቲቭ (ባትሪ ያለው) ወይስ ፓሲቭ (ባትሪ የሌለው) የሚለው ክርክር ለጀማሪ ብዙም አያስጨንቅም።

አራት ክር ወይስ አምስት?

በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት የሚያገለግሉ ቤዚስቶች ባለ አምስት ክር ይወዳሉ። ምክንያት አላቸው። ዘፋኝ ወይም ዘማሪ «ዛሬ ድምፄ አልተመቸኝም» ብሎ ኪዩን (የመዝሙሩን መነሻ ድምፅ) ወደ ዲ ወይም ኢ ፍላት ሲያወርድ፣ አራት ክር ያለው ሰው ወደ ላይ ለመሸሽ ይገደዳል። አምስት ክር ያለው እዚያው ይቀመጣል። የአራት ክር ቤዝ ዝቅተኛ ኖታ ኢ ነው፤ 41 ኸርዝ ገደማ። አምስተኛው ክር ቢ ወደ 31 ኸርዝ ይወርዳል።

ችግሩ 31 ኸርዝን የሚያወጣ ስፒከር ስንት ቦታ አለ የሚለው ነው። ትንሽ የልምምድ አምፕ ላይ ያ ኖታ ይንኮሻኮሻል እንጂ አይሰማም። አንገቱም ይሰፋል፣ ክብደቱም ይጨምራል፣ የክሩ ዋጋም እንዲሁ። አማተር ለሆነ ሰው አራት ክር ይበቃል እላለሁ። ዲ ከፈለጋችሁ ወፍራሙን ክር አንድ ቶን አላሉት፤ ሁለት ዘፈን ከተለማመዳችሁበት እጃችሁ ይለምደዋል።

ክሩ ላይ አትቆጥቡ

ብዙ ሰው ቤዙን ለመቀየር የሚያወጣውን ገንዘብ ክር በመቀየር ሊያተርፍ ይችል ነበር። ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ሽቦው ክብ ሆኖ የተጠመጠመበት ነው፤ ራውንድ ዋውንድ ይሉታል። ጣት ስታንሸራትቱ ይሻክራል፣ ሲሲሲ ይላል፣ ድምፁ ያበራል። ሌላው ፍላት ዋውንድ ነው። ላዩ ጠፍጣፋ ሽቦ ስለሆነ በጣት ሲዳሰስ ልስልስ ነው። ድምፁ ክብና ጨለም ያለ ነው፤ ወደ ኮንትራባስ ይጠጋል። ጀመርሰን የሚጠቀመው ፍላት ነበር።

ፍላት ዋጋው ከራውንድ ይወደዳል። ግን ለዓመታት ይቆያል፤ ሲያረጅ እንዲያውም የሚጣፍጥላቸው አሉ። ራውንድ ቶሎ ይሞታል። ለስላፕና ለዘመናዊ መዝሙር ራውንድ፣ ለድሮ ዘፈን፣ ለትዝታና ለችክችካ ፍላት። ፍላት ለመግዛት አቅም ከሌላችሁ ቁራጭ ስፖንጅ ውሰዱ። ወርዱ አራቱን ክሮች የሚሸፍን፣ ውፍረቱ ከክሩ ሥር ተጣብቆ የሚይዝ ይሁን። ብሪጁ አጠገብ ክሩ ሥር ወሽቁት። ከዚያ አንድ ኖታ ምቱ። ዱም ብሎ ወዲያው ይቆማል። ቶኑን ግማሽ ዝጉና ችክችካ ሞክሩበት። የድሮ ካሴት ድምፅ ከርካሽ ቤዝ ሲወጣ ትሰማላችሁ።

አምፕ ልግዛ ወይስ ዲ.አይ. ቦክስ?

ሠርግና ሆቴል ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሳውንድ የሚከራይ ሰው አለ። ቤዙ በቀጥታ ወደ ሚክሰር ይገባል፤ እናንተ ራሳችሁን የምትሰሙት ከሞኒተር (ወደ እናንተ ከዞረው ስፒከር) ነው። እንዲህ ከሆነ መግዛት ያለባችሁ ጥሩ ዲ.አይ. ቦክስ ነው፤ የቤዙን ድምፅ ለሚክሰር እንዲስማማ አድርጎ የሚያስገባ ትንሽ ሣጥን። ከቦርሳችሁ ኪስ ይገባል፣ ታክሲ ውስጥ ቦታ አይፈልግም፤ ረጅም ኬብል የሚበላውን ድምፅም ያድናል። ለቤት ልምምድ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ ያለው ትንሽ አምፕ ይበቃል፤ ለምሳሌ 40 ዋት የሆነው ፌንደር ራምብል። ጎረቤትም በሰላም ያድራል። ከድራመር ጋር ያለ ሚክሰር የምትለማመዱ ከሆነ ግን 40 ዋት አይሰማም። ቢያንስ 100፣ ከተቻለ ከዚያ በላይ ያስፈልጋችኋል።

አምፑን ከአሜሪካ ዘመድ ከማስላካችሁ በፊት ጀርባው ላይ የተጻፈውን ፎቶ አንስቶ እንዲልክላችሁ ጠይቁ። እዚያ መብራቱ 120 ቮልት ነው፤ እኛ ጋ 220። ሁለቱንም የማይቀበል ከሆነ እንደሰካችሁት ይቃጠላል። በትራንስፎርመር ይሠራል፤ ግን ትራንስፎርመሩ ራሱ ሌላ ሸክም ነው። ከአውሮፓ ወይም ከዱባይ የሚመጣ በቮልቴጅ ችግር የለበትም።

ቤዙን ግን ከየትም ማስመጣት ትችላላችሁ፤ ሶኬት የለውም። ችግሩ ርዝመቱ ነው፤ ወደ 117 ሳንቲ ሜትር። ብዙ አየር መንገዶች ርዝመት፣ ወርድና ከፍታ ተደምሮ ከ158 ሳንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ይፈልጋሉ። እንደ ፌንደር ያሉት ቤዞች አንገታቸው ከጀርባ በአራት ብሎን የታሰረ ነው። የሚያመጡላችሁ ሰዎች ክሩን አላልተው፣ ብሎኑን ፈትተው፣ አካሉንና አንገቱን ጎን ለጎን በካርቶን ቢያሽጉት ከልኩ በታች ይሆናል። አንገቱ ብቻውን ከ80 ሳንቲ ሜትር ስለሚያልፍ በተራ ሻንጣ እንዲሞክሩት አትጠይቋቸው።

ያገለገለ ቤዝ ስትገዙ ቱነር ይዛችሁ ሂዱ፤ ስልክ ላይ ያለውም ይሆናል። 12ኛው ፍሬት ላይ ክሩን ሳትጫኑ ነክታችሁ ሃርሞኒክ (እንደ ደወል የሚጠራ ቀጭን ድምፅ) አውጡ። ከዚያ እዚያው ፍሬት ላይ ተጭናችሁ ምቱ። ሁለቱ አንድ ካልሆኑ ብሪጁ መስተካከል አለበት፤ ይህ ቀላል ነው። አንገቱን ከጫፉ በኩል እንደ ጠመንጃ አነጣጥራችሁ እዩት። ትንሽ መጉበጥ ችግር የለውም፤ ውስጡ ባለው ትራስ ሮድ በሚባል ዘንግ ይቃናል። ወደ ጎን የተጠመዘዘ ከሆነ ግን፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢቀንስ፣ ተዉት።