ስታቲስቲሽያን ልሁን ለምትሉ፦ አር የሚባለው ሶፍትዌር ከብዙ ዓመት ጥቅም በኋላ

አር ዳታ በኮድ የምትተነትንበት የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ነው፣ መጀመሪያ ግን የስሙን ነገር እንገላገል። አዎ "አር" ነው የሚባለው፣ አዎ በአማርኛ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፣ እናቴ ስልክ ደውላ ምን እየሰራህ ነው ስትለኝ "ቀኑን ሙሉ አር ላይ ነኝ" ብያት ያለችኝን እዚህ አልጽፈውም። ስሙ የመጣው ከሰሪዎቹ ስም የመጀመሪያ ፊደል ነው፣ ሮስ ኢሃካ እና ሮበርት ጀንትልማን፣ ኒውዚላንድ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ እያሉ በ1990ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ነው የጀመሩት። ከሱ በፊት ቤል ላብስ የተሰራ "ኤስ" የሚባል ቋንቋ ነበር፣ አር የሚለው በሱም ስም ላይ ጨዋታ መሆኑ ነው።

እኔ ወደዚህ ነገር የመጣሁት ተዋርጄ ነው። ስራ ስጀምር ሁሉንም በኤስፒኤስኤስ (ሌላ የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ነው) እና በኤክሴል ነበር የምሰራው፣ ክሊክ ክሊክ አድርገህ ቴብሉን ኮፒ አድርገህ ሪፖርት ላይ መለጠፍ። ከስምንት ወር በኋላ አለቃዬ መጣና ገጹን እያሳየኝ "ይሄ 41 በመቶ ከየት ነው የመጣው?" አለኝ። ፋይሉን ከፍቼ ደግሜ ብሰራው 38 መጣ፣ እንደገና ብሰራው 44፣ የትኛውን ፊልተር ነክቼ እንደነበር፣ እነማንን እንዳወጣሁ ምንም የተጻፈ ነገር የለም። (ኤስፒኤስኤስም ትእዛዙን የሚጽፍበት ቦታ አለው፣ ግን ክሊክ እያለ ማን ይከፍተዋል።) አር ላይ ግን ዋናው መንገድ መጻፍ ነው፣ የሰራኸውን መስመር በመስመር ኮድ አድርገህ ፋይል ላይ ታስቀምጠዋለህ፣ ከዓመት በኋላ ሰው ሲጠይቅህ ፋይሉን ከፍተህ እነሆ ትላለህ። እንደኔ ለዚህ ሙያ ትልቁ ጥቅሙ ይሄ ነው፣ ስራህን መደበቅ አትችልም፣ ከራስህም ጭምር።

ኢንስቶል ማድረግ ቀላል ነው፣ ነፃ ነው። ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው አር እና አርስቱዲዮ ሁለት ነገር መሆናቸውን ባለማወቅ ነው፣ አር ሞተሩ ነው አርስቱዲዮ ደግሞ ቁጭ ብለህ የምትነዳበት ወንበር ነው በሉት። ሁለተኛውን ብቻ ጭኖ አልሰራም ብሎ የሚበሳጭ ሰው በየጊዜው ይገጥመኛል።

አሁን ስለ ኤንኤ (አር የጎደለን ዳታ የሚያመለክትበት ምልክት ነው) ላውራ፣ ምክንያቱም ሁሉም ጀማሪ የሚራገመው እሱን ነው። አንድ ሺህ ሰው ያለበት ዳታ አለህ እንበል፣ አንዱ ሰው ብቻ ገቢውን አልመለሰም። አማካይ ገቢ አውጣልኝ ስትለው ኤንኤ ይልሃል፣ አላውቅም ማለቱ ነው። 999 ቁጥር ይዞ አላውቅም! ኤክሴል ቢሆን ባዶውን ሴል ዝም ብሎ ዘሎ መልስ ይሰጥህ ነበር። እኔም መጀመሪያ ላይ በጣም ተናድጄበታለሁ፣ በኋላ ግን ሳስበው ልክ እሱ ነው፣ ያ ሰው ገቢውን ያልተናገረው ለምንድነው? ሀብታሞቹ ናቸው እየዘለሉት ያሉት? እንደዛ ከሆነ ያወጣኸው አማካይ ከእውነቱ ያነሰ ነው። የጎደሉትን ዝለላቸው ብለህ ራስህ በእጅህ ጽፈህ ማዘዝ አለብህ፣ ስትጽፈው ደግሞ ውሳኔው ያንተ መሆኑ ይገባሃል። ለኔ ክፍል ውስጥ ከተማርኩት ይልቅ ይሄ ትንሽ ነገር ነው የጎደለ ዳታ ምን ማለት እንደሆነ ያስተማረኝ።

ግን መልአክ አይደለም፣ ጉድ ሰርቶኛል። እድሜ የሚል ኮለም ያለው ዳታ ነበረኝ፣ ጥናቱ ከ18 ዓመት ጀምሮ ያሉ ሰዎች ብቻ ነው፣ አንዱ መዝጋቢ አንድ ሴል ላይ በቁጥር ፋንታ "ሠላሳ" ብሎ በፊደል ጽፏል። ያኔ የነበረው አር እንደዚህ ፊደል የተቀላቀለበትን ኮለም በራሱ ጊዜ ፋክተር ወደሚባል ነገር (እያንዳንዱን የተለያየ መልስ እንደ ምድብ ቆጥሮ ተራ ቁጥር የሚሰጥ) ይቀይረው ነበር፣ እኔ ደግሞ ሳላይ ወደ ቁጥር መልሰው አልኩት፣ እሱም እድሜውን ሳይሆን የተራ ቁጥሩን ሰጠኝ፣ 18 የነበረው 1 ሆነ፣ 19 የነበረው 2 ሆነ እንደዛ እያለ። ኤረር የለም፣ ቀይ ጽሁፍ የለም። አማካይ እድሜ 19 ብዬ ሪፖርቱን ላክሁት፣ አንዷ የስራ ባልደረባዬ "ትንሹ 18 ከሆነ አማካዩ እንዴት 19 ይሆናል፣ ሁሉም ተማሪ ናቸው እንዴ?" ስትለኝ ነው ላብ ያጠመቀኝ። በ2020 የወጣው አር 4.0.0 በራሱ ጊዜ መቀየሩን ትቶታል፣ ፋክተር የሆነ ነገር ካለህ ግን ወጥመዱ ዛሬም እዛው ነው። ከዛን ቀን ወዲህ ምንም ዳታ ሲመጣ መጀመሪያ ትንሹንና ትልቁን ቁጥር ሳላይ ወደ ሌላ አልሄድም።

ሌላው የምወድለት አብሮት የሚመጣውን መለማመጃ ዳታ ነው። አንዱ የ1973 የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የድህረ ምረቃ አመልካቾች ነው፣ ስድስት ትልልቅ ዲፓርትመንቶች። ከ2,691 ወንዶች 1,198ቱ ገብተዋል፣ ከ1,835 ሴቶች ደግሞ 557ቱ፣ ማለትም 45 በመቶ ገደማ በ30። በቃ አድልዎ አለ ትላለህ አይደል? በዲፓርትመንት ስትከፋፍለው ግን ከስድስቱ በአራቱ የሴቶቹ ይበልጣል፣ ኤ በተባለው እንዲያውም ሴቶች 82 ወንዶች 62 በመቶ ነው የገቡት። ነገሩ ሴቶቹ በብዛት ያመለከቱት ማንንም ብዙ የማይቀበሉት ጋ መሆኑ ነው። ይሄን በራስህ እጅ አራት አምስት መስመር ጽፈህ ስታየው የሚሰማህ ነገር ሌላ ነው፣ እኔ ማታ ነበር ያየሁት፣ እንቅልፍም አልወሰደኝም።

ቅሬታዎቼ፦ የኤረር መልእክቶቹ ለሰው የተጻፉ አይመስሉም። ትልቅና ትንሽ ፊደል ስለሚለይ አንድ ፊደል አሳስተህ ግማሽ ሰዓት ታባክናለህ። ዳታውን የሚይዘው ሚሞሪ ላይ ስለሆነ ፋይሉ ሲገዝፍ ላፕቶፑ ይንቀራፈፋል። ፓኬጆቹ (ሰዎች ሰርተው የሚያካፍሏቸው ተጨማሪዎች) ከ20,000 በላይ ናቸው፣ ግን የሚያስገርም ጥራት ያለውም ባለቤቱ የተወውም አብሮ ነው ያለው፣ መለየት ያንተ ስራ ነው። ደግሞ የስራ ማስታወቂያ ስታዩ ብዙው ፓይተንና ኤስኪውኤል የሚባሉ ሌሎች የኮምፒውተር ቋንቋዎችን ይላል፣ መድኃኒት አምራቾች ጋ ደግሞ ሳስ የሚባል ሌላ የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር አሁንም ይጠየቃል፣ ስለዚህ ይሄን ብቻ ይዤ እቀጠራለሁ ካላችሁ ቅር ልትሰኙ ትችላላችሁ።

እና ደግሞ ሪግሬሽን (አንዱ ነገር ከሌላው ጋር እንዴት እንደሚያያዝ የሚያሰላ ዘዴ) ስራልኝ ስትለው የመኪና ታርጋ ቁጥር ብታስገባበት እንኳን ሳያቅማማ ይሰራልሃል፣ ፒ ቫልዩውንም (ምንም ግንኙነት ባይኖር እንዲህ ያለ ውጤት በአጋጣሚ የመምጣት እድሉን) በኮከብ አስጊጦ። ጥያቄው ትርጉም አለው ወይ፣ ዳታው እንዴት ነው የተሰበሰበው የሚለውን አይጠይቅህም፣ ስታቲስቲሽያኑ የሚከፈለው ደግሞ ለሱ ነው።

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ፣ አንዷን የቀነስኩት ለዛች 19 ነው። ልትጀምሩ ከሆነ ውድ የቪዲዮ ኮርስ ከመግዛታችሁ በፊት (እኔ ገዝቼ ግማሹ ስለ አርስቱዲዮ ከለር አመራረጥ ነበር) ያን የበርክሌይ ዳታ ክፈቱና መጀመሪያ ጠቅላላውን ከዛ በዲፓርትመንት አውጡት።