የሲያትል ጥሬ ዓሣ ወዳጆች፣ ይህችን እህት እወቋት

ሰላም ወገኖች፣ እንዴት ከረማችሁ? ብዙ ጊዜ የምንጽፈው ስሞታ ነው፤ እኔ ዛሬ ላመሰግንና ልጠቁም ነው የመጣሁት። እዚሁ ከተማችን ዓሣ ቤት የምትሠራ አንዲት እህታችን አለች። ስሟን በአደባባይ እንዳላወጣ አደራ ብላኛለች፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አድራሻውን እልካለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አጎቴ ከሐዋሳ ሊጠይቀን መጥቷል። የሐዋሳን ሰው ታውቁታላችሁ፤ ሐይቁ ዳር ወዳለው ዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል ወርዶ ቆሮሶውን (ቲላፒያውን) ጥሬውን በዳጣ ካልበላ ዓሣ በላሁ አይልም። ዳጣውንም በሻንጣው ይዞ ነው የመጣው። እዚያ ቤት ገብተን የሳልሞኑን ቀይ ሥጋ ሲያይ ፊቱ በራ። "ልጄ፣ ከዚህ አንድ ኪሎ ቁረጭልኝ፤ በጥሬው ነው የምንበላው" አላት።

ቢላዋዋን አስቀመጠች። "ጋሼ፣ ለጥብስ ከሆነ አሁኑኑ ልቁረጥልዎት። ለጥሬ ግን ይሄን አልሸጥልዎትም።"

አጎቴ በዋዛ የሚረታ ሰው አይደለም። "እኛ እኮ ስንበላው የኖርን ሰዎች ነን! ደግሞስ ሎሚው፣ ዳጣው የት ሄዶ?" አላት። አልተከራከረችውም። ከዚያው ሣጥን የወጣ ዓሣ ሆዱን ከፍታ ስሱን ሥጋ ወደ መብራቱ አዞረችና፣ በወረንጦ አንድ ነገር ነቅላ ነጭ ሳህን ላይ አደረገችው። ነጣ ያለ፣ እንደ ሰዓት ሽቦ የተጠቀለለ ትል። ትንሽ ቆየና ተፈታ፤ ራሱ ይሁን ጭራው ያልለየሁትን ጫፍ ማወዛወዝ ጀመረ። ሎሚ ቆርጣ ጨመቀችበት። ትሉ ምንም አልመሰለውም። አጎቴ ጭጭ።

አኒሳኪስ ይባላል አለችን። አድጎ የሚራባው በዓሣ ነባሪና በባሕር አንበሳ ሆድ ውስጥ ነው። እንቁላሉ ከኩሳቸው ጋር ባሕር ይገባል፤ የተፈለፈለውን ሽሪምፕ መሰል ፍጥረታት ይውጡታል፣ እነሱን ደግሞ ዓሣው ይበላቸዋል። ሰው ሆድ ውስጥ ሲገባ ማደግ አይችልም፤ ግን ከመሞቱ በፊት የጨጓራን ግድግዳ ይሰረስራል። በሰዓታት ውስጥ ኃይለኛ ቁርጠትና ትውከት ይመጣል፣ አንዳንዱን ሰው አለርጂም ይቀሰቅስበታል። "ጨጓራዬ ተነሳብኝ" ብሎ ዝም ማለት ስለሚያጋጥም፣ ጥሬ ዓሣ የበላ ሰው ለሐኪሙ ይናገር። አንዳንድ ጊዜ በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ነው ተለቅሞ የሚወጣው።

ሳልሞን የዓሣ ኮሶም ይዞ ሊመጣ ይችላል። ከበሬው ጥሬ ሥጋ የምናውቀው ኮሶ ዘመድ ነው፤ ርዝመቱ 9 ሜትር ሊያልፍ፣ ቪታሚን ቢ12 እየተሻማም ደም ሊያሳንስ ይችላል። በተለምዶ የጃፓን የሚባለው ዓይነት በአላስካ ሳልሞን ውስጥ መገኘቱም እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ ሆኗል። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፣ በሐኪም ትእዛዝ። (ኮሶ ጠጥቼ እገላገለዋለሁ የምትሉ ጋሼዎች፣ እባካችሁ!)

እኔን የገረመኝ እምቢ ብላ አለመቅረቷ ነው። ከጓዳ ለጥሬ የሚሆን በረዶ የሆነ ሳልሞን አወጣች፣ መቼ እንደገባና በስንት ዲግሪ እንደቆየ የተጻፈበትን ወረቀትም አሳየችን። የአሜሪካ ደንብ ለጥሬ የሚቀርብ ዓሣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ7 ቀን፣ ወይም ከዜሮ በታች 35 ላይ ጠጥሮ በረዶ ከሆነ በኋላ እዚያው ለ15 ሰዓት እንዲቆይ ነው። የቤታችን ፍሪዘር ብዙ ጊዜ ያን ያህል ስለማይቀዘቅዝ ራሳችን ቤት እናድርገው ማለት አያዋጣም። ለሚያበስል መላው ቀላል ነው፤ ውስጡ 63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይድረስ። "ሱሺ ግሬድ" የሚል ጽሑፍ ብቻ አይታችሁ አትግዙ፤ ቃሉ በሕግ የተተረጎመ አይደለም፣ ሻጩ የፈለገው ላይ ይለጥፈዋል። በእርባታ በመኖ ያደገው ሳልሞን ግን ስጋቱ በጣም ያነሰ ነው።

ወጋችን ሐዋሳም ደርሷል። ቆሮሶ ሲጸዳ ልቡ አካባቢ የሚታየው ትል የዚሁ ዘመድ፣ ኮንትራሲከም የሚባለው እንደሆነ ነገረችው፤ ያኛው የሚያድገው ዓሣ በሚበሉ ወፎች ሆድ ነው። ሰውን እምብዛም አይዝም አለች። አጎቴ አሁን ሳቀ፦ "እሱንማ አውቀዋለሁ! ለዚያ ለትልቁ ወፍ፣ ለአባ ኮዳ ነው የምንጥለው።" ማታ ሳልሞኑን በዳጣ በላው። ከቆሮሶ አይደርስም እያለ ሳህኑን ጠረገው።

እንግዲህ እውነቱን ልናገር፣ ዋጋዋ ከሱፐርማርኬት ይወደዳል፣ ሥራዋም አይፈጥንም፤ እያንዳንዱን ቁራጭ መብራት ላይ ሳታይ አትጠቀልልም። ቅዳሜ ሰልፍ ስላለ አርብ ከሰዓት ብትሄዱ ይሻላል። ጭንቅላቱን ለሾርባ የምትፈልጉ ቀድማችሁ ደውሉላት፣ ቶሎ ያልቃል።