ሸክላማ ቀይ ቀለም፦ የውሃ ይሻላል የዘይት?

ሳሎኑን ሸክላማ ቀይ ሊቀባ ያሰበ ሰው ሱቅ ሄዶ የሚያገላብጠው የቀለም ናሙና ነው። ይደምቃል? ይጠቁራል? እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ዋናው ምርጫ ከዚያ በኋላ ነው። ያው አንድ ቀለም በውሃና በዘይት ሲቀባ ሁለት ሌላ ሌላ ቤት ይሆናል።

የውሃው ደብዛዛ ነው፣ ብርሃን ይውጣል። በቀይ አፈር የተለቀለቀ የገጠር ቤት ያየ ሰው ስሜቱ ይገባዋል። የዘይቱ ያብረቀርቃል። ነጭ ግድግዳ ላይ ይህ ብዙ አያስቸግርም። ጠቆር ያለ ቀይ ላይ ግን አምፖሉም መስኮቱም ቲቪውም ግድግዳው ውስጥ ይታያሉ። ስቱኮው በደንብ ካልተላገማ ጉብታው አንድ በአንድ ይቆጠራል። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ደግሞ... ታውቁታላችሁ።

ስለዚህ ለሳሎንና ለመኝታ ቤት የውሃውን ነው የምለው። ሽታው ቶሎ ይጠፋል፤ ሁለተኛው እጅ በዚያው ቀን ይደገማል። የዘይቱ ግን ብዙ ጊዜ አዳሩን ይፈልጋል፣ ብሩሹም ያለ ቲነር አይጸዳም።

የውሃው ጣጣ መነካካት አለመውደዱ ነው። ልጆች ቦርሳቸውን እያስታከኩ ሲያልፉ ነጣ ያለ ጭረት ይቀራል። ጭረቱን በጨርቅ ፈተግ ስታደርጉት ደግሞ ቦታው ብቻውን ያብለጨልጫል። ለኮሪደርና ለኩሽና የዘይቱ ይሻላል። ሳቲን የሚባለው መሃል ሰፋሪ ነው፤ ለመብራት ማብሪያው አካባቢ አይከፋም።

እኔን ያቃጠለኝ ግን በእጅ የተበጠበጠው ነው። ቀቢው ነጭ ቀለም ገዝቶ ማቅለሚያ ጨመረበት። ነጭ ላይ ቀይ ሲጨመር ሮዝ ነው የሚወጣው፤ እስኪጠቁር ድረስ ማቅለሚያ ሲያፈስ ዋለ። ሦስተኛው ግድግዳ ላይ አለቀበት። እንደገና የበጠበጠው አልገጠመም። ቡፌያችን እስከ ዛሬ እዚያ የቆመው መስመሩን ሊሸፍን ነው። በማሽን የሚበጠበጠው ዋጋው ከፍ ይላል፤ ቁጥሩ ክዳኑ ላይ ስለሚጻፍ ግን ቢጎድል ያንኑ ታስደግማላችሁ። ያም ሆኖ የሚበቃችሁን ሁሉ አንዴ ገዝታችሁ በአንድ ትልቅ ባልዲ አደባልቁት።

ከደማቅ ቀይ ጋር ለምታመነቱ፦ የሸክላማው ቀይ መሠረት የብረት ኦክሳይድ ነው፤ በቋንቋችን ዝገት። ፀሐይ አያስለቅቀውም። ደማቆቹ ቀዮች ብዙዎቹ መስኮት አጠገብ ይገረጣሉ። ከዚህም ሌላ ደማቅ ቀይና ቢጫ የዘይት ቀለሞች ሊድ፣ ማለት በተለይ ልጆችን የሚጎዳው መርዛማ ብረት፣ ሲገባባቸው የቆዩ ናቸው። አገራችን በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ደንብ የቀለም ሊድ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ተወስኗል። የልጆች ክፍል ከሆነ ጣሳውን አገላብጣችሁ አንብቡ፣ ሻጩንም ጠይቁ።

አምፖሉን አትርሱ። 6500 የተጻፈበት ነጭ አምፖል ይህን ቀለም ጉበት ያስመስለዋል። 3000 የተጻፈበት ቢጫው ግን ፍም ያደርገዋል። ከትንሹ ጣሳ ገዝታችሁ ካርቶን ላይ ሁለት እጅ ቀቡ። ሶፋው ጀርባ አቁሙትና ማታ መብራት አብርታችሁ እዩት።