አባታችንን ብቻ ሳይሆን ቤቱን ሁሉ ላስተማረችው የሥነ ምግብ ባለሙያ

ምስጋናዬ የአባታችንን የጉበት ስብ፣ ብዙዎች ፋቲ ሊቨር የሚሉትን፣ ስትከታተል ለቆየች የሥነ ምግብ ባለሙያ ነው። ስሟን እንዳልጠቅስ ለምናኛለች፤ አሠራሯን ግን ብናገር ለብዙ ቤተሰብ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

የዚህ ሕመም ክፋቱ ብዙ ጊዜ ስሜት አለመስጠቱ ነው። አባታችንም ለሌላ ጉዳይ በታዘዘላቸው አልትራሳውንድ ነው የተገኘባቸው። ሰው ምንም ሳያመው ኑሮህን ለውጥ ሲባል መቀበሉ ይከብደዋል። እሷ ይህን ስለምታውቅ ገና በመጀመሪያው ቀጠሮ "በሚቀጥለው ቀጠሮ፣ ቤት ውስጥ የሚያበስለውንም ሰው ይዘው ይምጡ" አለቻቸው። እናታችንና እኔ አብረን ሄድን።

ከክብደት 5 በመቶ ያህል ሲቀነስ ጉበት ላይ ያለው ስብ እንደሚቀንስ፣ ከ7 እስከ 10 በመቶ ሲደርስ ደግሞ የጉበቱ ብግነትም (መቆጣቱ) ሊሻሻል እንደሚችል አስረዳችን። 90 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 5 በመቶ ማለት አራት ኪሎ ተኩል ነው። አባታችን ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ፈታ አለ፤ ከዚያ በጣም የሚበልጥ ነገር ጠብቀው ነበር። በጥድፊያ መክሳት ግን ጉበቱን ሊያባብሰው ስለሚችል በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ይበቃል አለች። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድም ክብደት ባይቀንስ እንኳ ስቡን ይቀንሳል።

ከሁሉ በላይ የማመሰግናት ግን ቤተሰብ እንዴት መርዳት እንዳለበት ስላሳየችን ነው። ለእሳቸው ለብቻ ምግብ አይሠራም፤ የቤቱ ማዕድ አንድ ይሁን፤ ስኳር ያለባቸው መጠጦችም ለማንም አይገዙ አለች። ችግሩ በዘርም በአኗኗርም በቤተሰብ ውስጥ ስለሚደጋገም ለልጆቹም ይበጃል። "ይህን አይብሉ፣ ያንን አይንኩ" እያልን እንዳንቆጣጠራቸውም መከረችን፤ ቤተሰብ ዘበኛ ሲሆን ታማሚው ተደብቆ መብላት ይጀምራል። ይልቅ "ዛሬ አብሬዎት ልራመድ?" በሏቸው አለችን። አባታችን ደብተር ይዘው በየሳምንቱ ክብደታቸውንና እርምጃቸውን በራሳቸው እጅ ይጽፋሉ። ደብተሩን እሳቸው ካላሳዩን አንከፍተውም። በየቀጠሮው የሚቀጥለውን ግብ የሚመርጡትም እሳቸው ናቸው፣ እሷ አይደለችም። እልኸኛ የሆኑት አባቴ ምክሯን አክብረው የያዙት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

አንድ ዘመድ "ጉበት ያጥባል" የተባለ ዕፅ ባመጣ ጊዜም ሰውየውን ሳታሳፍር አስቆመችው። እንዲህ ካሉት ውስጥ ራሳቸው ጉበት የሚጎዱ አሉና የሚወሰደው ሁሉ ለሐኪም ይታይ አለች። ሐኪም የሚያዘውን የመድኃኒት ጉዳይም ለሐኪማቸው ትታለች። የጉበት ስብ ያለበትን ሰው ከጉበቱ ይልቅ ብዙ ጊዜ ለሞት የሚያሰጋው የልብና የደም ሥር ሕመም ስለሆነ የደም ግፊት፣ የስኳርና የኮሌስትሮል ክትትላቸውን እንዳያቋርጡ ግን ሳታስታውሳቸው አታልፍም።

አሁን ክብደታቸው ቀስ እያለ ወርዷል፤ የጉበትን መጎዳት በደም ምርመራ የሚጠቁመው የጉበት ኢንዛይማቸውም ተሻሽሏል። ዕድሜና ጤና ይስጥልን!

ይህ ሕመም በቤታችሁ ካለ ሐኪማችሁን ወደ ሥነ ምግብ ባለሙያ እንዲልካችሁ ጠይቁ። ስትመርጡም ቤተሰብ የምታስገባና ከሐኪሙ ጋር ተነጋግራ የምትሠራ ባለሙያ ፈልጉ። ሐኪሙን፣ ብግነቱ ሲቆይ ሊመጣ የሚችለውን የጉበት ጠባሳ ስጋታችሁን እንዲያሰላላችሁም ጠይቁት፤ ፊብ-4 የሚባለው ስሌት የሚፈልገው ዕድሜንና የተለመደ የደም ምርመራን ብቻ ነው። ስለዚህ የመጨረሻውን የደም ምርመራ ውጤትና የምትወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ይዛችሁ ሂዱ።