ሽሮፕ፣ ጋዝ ወይስ ሙሉ ሰመመን? ጥርሱን አላስነካ ላለ ልጅ

ማባበሉም መደለያውም አልሠራም። ልጅዎ አፉን ግጥም አድርጎ ዘግቷል፤ ጥርሱ ደግሞ መታከም አለበት። እዚህ ላይ ሐኪሙ የሚያነሣልዎ ሦስት አማራጭ ነው፦ የሚጠጣ ማረጋጊያ፣ በአፍንጫ የሚሳብ ጋዝ ወይም ሙሉ ሰመመን።

የሚጠጣው አብዛኛውን ጊዜ ሚዳዞላም ነው። መርፌ የለው፣ ጭምብል የለው። ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ልጁ ይፈዛል እንጂ እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ አይወስደውም፤ ሲጠሩት ይመልሳል። ብዙዎቹ በኋላ የሆነውን አያስታውሱም። ለእኔ ዋናው ጥቅሙ ይሄ ነው። ችግሩ መራራነቱ ነው። ልጁ ግማሹን እንትፍ ካለው ምን ያህሉ እንደገባ ማንም አያውቅም። «ትንሽ እንጨምርለት» ማለት ደግሞ አደገኛ ነው፤ በክብደቱ ተለክቶ አንዴ ከተዋጠ ማስተካከያ የለውም። አንዳንዱን ልጅ ጭራሽ ያስቆጣዋል። ጊዜውም አጭር ነው፤ አንድ ሁለት ጥርስ ቢያሠራ ነው።

ናይትረስ ኦክሳይድ የሚባለው ጋዝ በዚህ ይበልጠዋል። በጥቂት ደቂቃ ይሠራል። ሐኪሙ ልጁን እያየ ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ሲያበቃ ንጹህ ኦክስጅን ይሰጠውና ቶሎ ይነቃል። ግን ጭምብል አላስጠጋ ለሚል ወይም አፍንጫው ለተደፈነ ልጅ አይሆንም። ስለዚህ ቢፈራም ለሚሰማ ልጅ ጋዝ፣ ጨርሶ ለማይሰማ ትንሽ ልጅና ለአጭር ሥራ ሽሮፕ እላለሁ። በሁለቱም ቢሆን ድድ ላይ የሚወጋው ማደንዘዣ አይቀርም።

ብዙ ጥርስ ከተበላሸስ? ሙሉ ሰመመን። ውድ ነው፣ የሰመመን ባለሙያም ይፈልጋል፤ ግን ሁሉም በአንድ ቀን ያልቃል። በየቀጠሮው ሽሮፕ እየጠጡ ከመመላለስ ይሻላል።

ሽሮፑን ከመረጡ ክሊኒኩን ይጠይቁ። ሐኪሙ ሲሠራ ልጁን ብቻ የሚከታተል ሌላ ሰው አለ? ኦክስጅን የሚለካው መሣሪያ ጣቱ ላይ ይደረግለታል? ማርከሻው ፍሉማዜኒል እጃቸው ላይ አለ? መልሱ ከተድበሰበሰ ሌላ ቦታ ይሂዱ። ልጁ የሚያንኮራፋ፣ ቶንሲሉ ትልቅ የሆነ ወይም ኤሪትሮማይሲን የሚባለውን አንቲባዮቲክ የሚወስድ ከሆነ አስቀድመው ይናገሩ። ኤሪትሮማይሲን ሚዳዞላሙን ሰውነት ውስጥ ያቆየዋል። ሽሮፑን ከመጠጣቱ በፊት ልጁን ከቀላል ምግብና ከላም ወተት 6 ሰዓት፣ ከጡት 4፣ ከውሃ 2 ሰዓት መከልከል የተለመደ ነው።

ሽሮፑን ቤት አጠጥቶ መምጣት ፈጽሞ አይሆንም። ሲመለሱም ሁለት ትልቅ ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ይነዳል፤ ሌላው ልጁ አጠገብ ተቀምጦ አንገቱን ቀና ያደርግለታል። አገጩ ደረቱ ላይ ከወደቀ መተንፈሻው ሊዘጋ ይችላል።